ረቂቅ የተባለው ሥዕል ከግዙፍ ነገር ስለ መወለዱ

የሰውን ወይም የእንስሳን፥ የዛፍን ወይም የቤትን መልክ የማያሳየውን፥ በመስመርና በቀለም ብቻ የሚቆመውን የአውሮፓውያን አዲስ ሥዕል በቋንቋችን «ረቂቅ ሥዕል» ማለት ተለምዷል። ቃሉ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያሳስታል። በመጻሕፍት ትርጓሜ ያደገ ሰው «ረቂቅ» ሲባል በሰማ ጊዜ ወዲያው የሚያስበው የ«ግዙፍ»ን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም በእጅ የማይዳሰሰውን፥ በዓይን የማይታየውን፥ እንደ ነፍስና እንደ መላእክት ያለውን ነው። ስለዚህ ረቂቅ ሥዕል ማለት ሠዓሊው ከሥጋዊው ዓለም ርቆ በመንፈስ ያየውን የሚገልጥበት ሥዕል ይመስለዋል። ወደ ሥዕሉ ቀርቦ ያረጀ ጋዜጣ፥ የገመድ ቍራጭ፥ የዛገ ቆርቆሮ፥ የትራም ቲኬት በሙጫ ተለጥፎ ያየ እንደ ሆነ ግን ይደነግጣል፤ ወይም ይስቃል፤ ወይም ተታለልሁ ብሎ ይቈጣል።

ቍጣው ያለ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በዚህ ጥበብ ስም የሚነግዱ ብዙዎች ናቸውና። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ብንመረምረው፥ ረቂቅ የተባለው ሥዕል ለመወለድ የበቃው ግዙፉን ነገር ስለ ሸሸ ሳይሆን፥ ግዙፉን፥ ይልቁንም ከግዙፉ ሁሉ የተናቀውን፥ በእጁ ስለ ጨበጠ መሆኑን እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህን ነው። የምጠቅሰው ዘመንና ወር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

የዚህን ሥዕል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከሩስያዊው ከቫሲሊ ካንዲንስኪ ነው። ካንዲንስኪ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ተቀምጦ ሳለ በ1911 መጨረሻ ስለ መንፈሳዊነት በጥበብ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም ሠዓሊ እንደ ዜማ ደራሲ የነፍስን ስሜት ያለ አምሳል ሊናገር እንደሚችል አስተማረ። የሆላንዱ ፒየት ሞንድሪያንም በ1909 ወደ ቴዎሶፊያ ማኅበር ገብቶ ነበር፤ ዛፉንና ባሕሩን ቀስ በቀስ ወደ ቀጥተኛ መስመር የለወጠውም ይህን ትምህርት በልቡ ይዞ ነው። እንግዲህ ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ረቂቅ ሥዕል ከላይ ወደ ታች የወረደ ይመስላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን እኩሌታው ብቻ ነው። ደግሞም እኔን እንደሚመስለኝ የዚህ ገጽ አንባቢዎች «መንፈሳዊ» የሚለውን ቃል ባዩበት ስፍራ ሁሉ ፈጥነው ደስ ሊላቸው አይገባም፤ መንፈስ ሁሉ አንድ አይደለምና።

ሌላው እኩሌታ የተጀመረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሱቅ መስኮት ነው።

ዦርዥ ብራክ በ1882 የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። አባቱም አያቱም የቤት ቀለም ቀቢዎች ነበሩ፤ እርሱም በለ ሃቭር ከተማ ይህንኑ ሥራ ተማረ። የዚያ አገር ቀለም ቀቢ የሚማረው ግድግዳ ማቅለም ብቻ አልነበረም፤ ርካሹን ሳንቃ ውድ እንጨት አስመስሎ፥ ልስኑን እብነ በረድ አስመስሎ መቀባትንም ይማር ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆን የብረት ማበጠሪያ አለ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ማበጠሪያውን በላዩ የሳቡበት እንደ ሆነ የእንጨትን ጅማት የመሰለ መስመር ይተዋል፤ ሩቅ ሆኖ የሚያየው ሰው የበሉጥ ሳንቃ ነው ይላል። ብራክ ሠዓሊ ከሆነ በኋላ ይህን የእጅ ሠራተኛ ብልሃት አፍሮበት አልጣለውም፤ በሥዕሉ ውስጥ አገባው፥ ለጓደኛው ለፓብሎ ፒካሶም አስተማረው። ፒካሶ የሥዕል መምህር ልጅ ነበርና ጥበቡን የተማረው በሌላ መንገድ ነው፤ ማበጠሪያውን ባገኘ ጊዜ ግን በእንጨት ፈንታ የሰው ጠጕርና ጢም ሣለበት። ቀልድ መውደዱ በዚህም ይታወቃል።

በ1912 በበጋው ወራት ሁለቱ ሠዓሊዎች በደቡብ ፈረንሳይ፥ በአቪኞ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሶርግ ሰነበቱ። ብራክም በአቪኞ በአንድ ሱቅ መስኮት የበሉጥ እንጨት መልክ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት አየ። እርሱና አባቶቹ በማበጠሪያ ሲደክሙበት የኖሩትን ነገር መኪና አትሞ በጥቅል ይሸጠዋል! ሌላ ሰው ቢሆን ለሙያው ባዘነ ነበር። ብራክ ግን ፒካሶ በሴፕቴምበር ወደ ፓሪስ እስኪሄድ ድረስ ዝም ብሎ ቈየ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ገዝቶ፥ ቈራርጦ፥ በነጭ ወረቀት ላይ ለጠፈው፤ በላዩና በአጠገቡም በከሰል የፍሬ ሳሕንና ብርጭቆ ነደፈ። ከላይ የተለጠፈው የቡና ቤቱን የግድግዳ ሳንቃ፥ ከታች የተለጠፈው ጠረጴዛውን ያመለክታል። «የፍሬ ሳሕንና ብርጭቆ» የሚባለው ይህ ሥራ ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል። ትንሽ ነው፤ ቀለሙም ቡናማ፥ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ቸኵሎ የሚሄድ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል።

ይህ ነገር ስለ ምን ትልቅ ሆነ? አስቀድሞ ቡናማ ቀለም ወደ ሥዕል የሚገባው የአንድ ነገር ቀለም ሆኖ ነበር፤ የጠረጴዛው ቡናማ ከጠረጴዛው ጠርዝ አያልፍም፥ የወይኑም ቀይ ከብርጭቆው አይፈስም። በብራክ ሥራ ግን ቡናማው ከሱቅ የመጣ፥ በመቀስ የተቈረጠ፥ የራሱ ጠርዝ ያለው ነገር ነው። የከሰሉ መስመር በአንድ በኩል ይሄዳል፥ ወረቀቱ በሌላ በኩል ይቀመጣል፤ መስመሩ ወረቀቱን አቋርጦ ያልፋል፥ ወረቀቱም ከመስመሩ ውጭ ይተርፋል። ቀለም ከቅርጽ ተፋታ። ብራክ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ወረቀት መለጠፍ ሲናገር ያመሰገነው ይህንኑ ነፃነት ነው። ቀለም ያለ ጠረጴዛው መቆም ከቻለ ደግሞ፥ ጠረጴዛው ፈጽሞ ቢቀር ምን ይጐድላል? ይህን ጥያቄ የወለደው የፈላስፋ መጽሐፍ ሳይሆን የቀለም ቀቢ ልጅ የገዛው ወረቀት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአውሮፓ ከ500 ዓመት ያህል ጀምሮ ሥዕል ማለት መስኮት ነበር፤ ተመልካች ሸራውን ረስቶ በሸራው ማዶ ያለውን አገር እንዲያይ ይፈለግ ነበር። የተለጠፈ ወረቀት ግን አይረሳም፤ ጠርዙ በጣት ይዳሰሳል። ብራና ፋቂ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ፥ ጠጕሩን ጠርጎ፥ ቆዳነቱ እስኪረሳ ድረስ እየፋቀ ያነጣዋል፤ ፊደሉ እንጂ ፍየሉ እንዳይታሰብ ነው። ብራክ የሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ወረቀቱ እንጨት ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ ሥዕሉ ግን ውሸቱን አይሸፍንለትም፥ እነሆ ወረቀት ነው ብሎ በግልጥ ያቆመዋል። ከዚህ በኋላ ሥዕል መስኮት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሳሕንና እንደ በር በቤት ውስጥ የሚገኝ አንድ ዕቃ ሆነ።

ፒካሶም ከብራክ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፥ በሜይ 1912፥ ውሃ እንዳያስገባ በዘይት የተለሰነ ጨርቅ በትንሽ ሞላላ ሸራ ላይ ለጥፎ ነበር። በጨርቁ ላይ የታተመው በሸምበቆ ልጥ የተጠለፈ የወንበር መቀመጫ መልክ ነው፤ ዙሪያውንም በወርቅ ቀለም ክፈፍ ፈንታ በገመድ ከበበው። በዚያው ዓመት ከካርቶንና ከሲባጎ ጊታር ሠራ፤ በ1914 ደግሞ ከቆርቆሮና ከሽቦ ሠራው። የጊታሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የጐደጐደ ሳይሆን ወደ ውጭ ብቅ ያለ ቱቦ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ዓይን ቀዳዳ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ ቀን በፊት የአውሮፓ ሐውልት ከድንጋይ የሚጠረብ፥ ከእንጨት የሚቀረጽ ወይም ከነሐስ የሚፈስ ነበር፤ ሣጥን እንደሚሠራ ሰው ቈራርጦ መገጣጠም ከሐውልት ሥራ አይቈጠርም ነበር።

በኖቬምበር 1912 በሠራው በአንድ ሥዕል ላይ፥ ሱዝ የሚባለው መጠጥ ጠርሙስ በመካከል ሆኖ፥ ዙሪያው የጋዜጣ ቍራጭ ነው። ወደ ጋዜጣው ቀርቦ ያነበበ ሰው የሚያገኘው በዚያን ወራት ይደረግ የነበረውን የባልካን ጦርነት ወሬ ነው። ሊቃውንት በዚህ ተከራክረዋል፤ እኩሌቶቹ ሠዓሊው ጦርነቱን አስቦ ለጥፎታል ይላሉ፥ እኩሌቶቹም ጋዜጣው ለፊደሉ ግራጫ መልክ ብቻ የተመረጠ ነው ይላሉ። እኔ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሳያነብ አይቈርጥም ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም የሥዕሉ ኃይል በወሬው አይደለም፤ በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተጣለ የሞት ወሬ ጠርሙስ ማስቀመጫ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ብራክም ፒካሶም እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠርሙሱንና ጊታሩን ፈጽመው አልለቀቁም። በሩን ከፍተው በደጃፉ ቆሙ፤ አልፈው የገቡት ሌሎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ሩስያዊው ቭላዲሚር ታትሊን ነው።

ታትሊን በወጣትነቱ በመርከብ ያገለገለና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን በመገልበጥ እጁን ያፍታታ ሰው ነበር። በ1914 ወደ ፓሪስ ሄዶ የፒካሶን የሥራ ቤት ጐበኘ። ወደ አገሩ ተመልሶ ግን ጊታርም ጠርሙስም አልሠራም። ቆርቆሮ፥ ሳንቃ፥ መስታወት፥ ልስንና ሽቦ ወስዶ ምንንም የማይመስል ነገር ገጣጠመ፤ አንዳንዱንም በሁለት ግድግዳ መጋጠሚያ በሽቦ ወጥሮ በአየር ላይ ሰቀለው። ይህ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቆርቆሮና እንጨት ነው ማለት ብቻ ነው። የታትሊን ትምህርት እያንዳንዱ ነገር የራሱ ጠባይ አለው፥ ሠራተኛውም ለዚያ ጠባይ መታዘዝ አለበት የሚል ነው፤ ቆርቆሮ መጠቅለል ይወዳልና ይጠቀለል፥ ሳንቃ ጠፍጣፋ ነውና ጠፍጣፋ ይቀመጥ ይላል። እንግዲህ ቅርጹን የሚወስነው የሠዓሊው ሕልም ሳይሆን ዕቃው ሆነ።

በዚህ ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቭላዲሚር ማርኮቭ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው የላትቪያው ተወላጅ ቮልደማርስ ማትቬይስ በ1914 በፒተርስበርግ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያች መጽሐፍ ሥዕል ከቀለም ሌላ ነገር አይቀበልም የሚሉትን ሰዎች የተከራከረው በፓሪስ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ሥዕለ አድኅኖ ጠቅሶ ነው። አክሊሉ ከብረት ተሠርቶ የተለጠፈበት፥ ልብሱ በብር ሽፋን የተሸፈነ፥ ዕንቍና ድንጋይ የተሰካበት የቅዱሳን ሥዕል በእያንዳንዱ ቤት ሳለ፥ ብረትና ሥዕል አይገናኙም ማለት እንዴት ይቻላል? ክርክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ማትቬይስ አንዱን ነገር አቀለለው፤ በሥዕለ አድኅኖ ላይ የሚገባው ብርና ዕንቍ ሰው ካለው ሁሉ የተሻለውን ስለ ክብር የሰጠው ነው፤ የታትሊን ቆርቆሮ ግን የተሻለ ስለ ሆነ አልተመረጠም።

በዲሴምበር 1915 በፔትሮግራድ «0,10» የተባለ ትርኢት ተከፈተ። በዚያ ካዚሚር ማሌቪች በነጭ ላይ የተሣለ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን በክፍሉ ማዕዘን ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ይህም በሩስያውያን ቤት ሥዕለ አድኅኖ የሚሰቀልበት ስፍራ ነው። ታትሊንም በዚያው ትርኢት በማዕዘን የሚሰቀለውን የብረትና የእንጨት ሥራውን አቆመ። ሁለቱ ሰዎች ተቀናቃኞች ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በጥቁሩ አራት ማዕዘን ነው፤ እኔ ግን ልዩነታቸውን እንዲህ አድርጌ አየዋለሁ፤ ማሌቪች የወሰደው የሥዕለ አድኅኖን ስፍራ ነው፥ ታትሊን የወሰደው የሥዕለ አድኅኖን የእጅ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ያለ ኀዘን ማንበብ አይቻለኝም። ሁለተኛው ግን ጥበቡን ከአባቶቹ የተማረ ሰው መሆኑን አይክድም። የሚያሳዝነው የታትሊን ሥራዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ዛሬ በትርኢት ከሚታዩት ብዙዎቹ በፎቶግራፍ ተመርተው ሌሎች ሰዎች እንደ ገና የሠሯቸው ናቸው።

ማንኛውም ወድቆ የተነሣ ነገር ጥበብ ይሆናል ማለቴ ግን አይደለም። ማርሴል ዱሻን በ1913 የብስክሌት መንኰራኵር በበርጩማ ላይ አቆመ፤ ይህ የአእምሮ ቀልድ ነው፥ ብልህም ነው፥ ነገር ግን መንኰራኵሩ ምንም አልደከመም፥ ሰውየውም አልደከመም። ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው ዮሴፍ አልበርስ ነው። እርሱም እንደ ብራክ የቤት ቀለም ቀቢ ልጅ ነው። በቫይማር ከተማ ባውሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ሲማር፥ ጀርመን በጦርነት በደኸየችበት ዘመን፥ የቀለም መግዣ ስላጣ መዶሻና የጀርባ ከረጢት ይዞ ወደ ከተማው ጥራጊ መጣያ ይሄድ ነበር። የተሰበረውን ጠርሙስ ሰብስቦ በሽቦ እየገጠመ በ1921 ገደማ ብርሃን የሚያልፍባቸው ሥዕሎች ሠራ። ማን የጠጣው ጠርሙስ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ በመስኮት አጠገብ ሲሰቀል ግን የቤተ ክርስቲያን መስታወት ይመስላል።

ከሁሉ አስበልጬ የማየው ኩርት ሽቪተርስን ነው። በ1887 በሐኖቨር ተወለደ፥ በድሬስደን የሥዕል ትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም ተማሪ የሰውንና የአገርን መልክ መሣል ተማረ። በጦርነቱ ጊዜ በአንድ የብረት ፋብሪካ ንድፍ ሠራ። ጀርመን ከተሸነፈች በኋላ፥ በ1919፥ የተጣለውን ሁሉ መሰብሰብ ጀመረ፤ የትራም ቲኬት፥ ያገለገለ ቴምብር፥ የከረሜላ መጠቅለያ፥ ቁልፍ፥ የሽቦ መረብ፥ የሳንቃ ስባሪ፥ የተሰበረ መንኰራኵር። ከእነዚህ የሠራውን ሁሉ «መርዝ» ብሎ ጠራው። አንባቢ በስሙ እንዳይሳሳት፤ ነገሩ የእኛ መርዝ አይደለም። «ኮሜርዝ» ከሚለው የባንክ ማስታወቂያ በመቀስ ሲቈርጥ በሥዕሉ ላይ የቀረው የቃል ቍራጭ ነው። የጥበቡን ስም እንኳ ያገኘው ከቍርጥራጭ ነው።

ተቺዎች ይህን ያገሩ ፍርስራሽ ምሳሌ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። የእርሱን ሥራ በጽሞና ላየ ሰው ግን የሚበልጠው ነገር ምሳሌው አይደለም። በትንሽ ወረቀት ላይ፥ ከመዳፍ ብዙ በማይበልጥ ስፋት፥ ሰማያዊው ቲኬት ከቀዩ ቴምብር አጠገብ እንዲቀመጥ የተደረገው፥ ጥቂት ዘንበል ብሎ፥ ከላይ ባለው ቢጫ ወረቀት ክብደት እንዳይወድቅ ተደግፎ ነው። አንዱን ብታነሡት ሌላው ይፈርሳል። ቲኬቱ ቲኬትነቱን ሳይክድ ቀለም ሆኗል፥ ቴምብሩም ቴምብርነቱን ሳይክድ መስመር ሆኗል፤ ጠቅላላው ምንንም አይመስልም፥ ነገር ግን በሥርዓት ቆሟል። ስለ ተናቀው ድንጋይ የተጻፈውን ቃል በዚህ ስፍራ መጥቀስ ለአንድ ሰባኪ ቀላል ነው፤ እኔ ግን እተወዋለሁ፤ ሽቪተርስ የተጣለውን አነሣ እንጂ የማዕዘን ራስ ነው አላለም። ቲኬቱ ከተለጠፈ በኋላም የትራም ቲኬት ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሰው እንደ ዕንቍ ተጠንቅቆ ስፍራ የፈለገለት መሆኑ ብቻ ነው።

የጀርመን መንግሥት በ1937 በሙኒክ ባደረገው «የረከሰ ጥበብ» በተባለው የማላገጫ ትርኢት የመርዝ ስም የወጣበት ሥዕል ከተሰቀሉት አንዱ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጠፋ። ሽቪተርስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወደ ኖርዌይ ሸሽቶ ነበር። በ1940 ጀርመኖች ኖርዌይን ሲወሩ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ እንግሊዞችም የጠላት አገር ሰው ነው ብለው በማን ደሴት አሰሩት። በእስር ቤቱ ሌላ ነገር ባጣ ጊዜ ከአጃ ገንፎ ቅርጽ ይሠራ ነበር፤ ገንፎውም ሻገተ፥ አብረውት የታሰሩት ሰዎችም ስለ ሽታው ያወሩ ነበር። በሐኖቨር በቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከእንጨትና ከልስን የገነባው ትልቅ ሥራ በ1943 በአየር ድብደባ ጠፋ። በ1947 በእንግሊዝ ሰሜን በኤልተርዋተር መንደር ባለ አንድ የድንጋይ ጎተራ ውስጥ፥ አርጅቶና ታሞ ሳለ፥ የመጨረሻውን ግድግዳ ጀመረ፤ በልስን ውስጥ ድንጋይ፥ የብረት ቍራጭ፥ የአትክልት ማጠጫ አፍ አስገባበት። ሳይፈጽመው በጃንዋሪ 1948 ሞተ። ግድግዳው በ1965 ከጎተራው ወጥቶ ወደ ኒውካስል ተወሰደ፥ ዛሬም በሃተን የሥዕል አዳራሽ ይታያል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብተው ግን ለዚህ ጥበብ አድልቻለሁ እባላለሁ። የተናቀ ነገር በሠዓሊው እጅ ከገባም በኋላ ጠባዩን አይለውጥም። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት በርካሽ የሚሠራ፥ ለአንድ ቀን ተነብቦ ሊጣል የታሰበ ነው፤ ብርሃን ባገኘው መጠን ይጠቍራል፥ እየደረቀም ይሰባበራል። ብራክና ፒካሶ በ1912 እና በ1913 ሲለጥፉት አመድማ ነጭ የነበረው ጋዜጣ ዛሬ የሻይ መልክ ይዟል። ቀለምን ከቅርጽ ለይቶ ነፃ ያወጣው ወረቀት የራሱን ቀለም መጠበቅ አልቻለም፤ ስለዚህ ከከሰሉ ጥቁር ጋር የነበረው ሚዛን ዛሬ ሠዓሊዎቹ ያዩት ሚዛን አይደለም። የቤተ መዘክር ጠባቂዎችም እነዚህን ሥራዎች በደበዘዘ ብርሃን ለጥቂት ወራት ብቻ ያሳዩና ወደ ጨለማ ሣጥን ይመልሷቸዋል። ረጅም መንገድ ሄዶ ሊያያቸው የሚፈልግ ሰው በግድግዳው ላይ ያሉበትን ወራት አስቀድሞ ጠይቆ ቢነሣ ይሻለዋል።